ስለ ከፍተኛ ትምህርት ፕላን፤ የካሊፎርኒያ ውልና የኛ ሒሳብ

ከማናቸውም መንግሥት ደጅ የማይጠፋ አንድ አቤቱታ አለ፤ ይኸውም «ለኛም አውራጃ ኮሌጅ ይሠራልን» የሚለው ነው። አቤት ባዮቹ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች፥ አንዳንድ ጊዜም የምክር ቤት አባሎች ናቸው። ምክንያታቸውም ሐሰት አይደለም። ልጆቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰው ከቤት ተቀምጠዋል፤ በጎረቤት አውራጃ የተሠራው ኮሌጅ ደግሞ ለዚያ ከተማ የቤት ኪራይ፥ ለሱቁና ለእንጀራ ሻጩ ገበያ ሆኖለታል። ይህን አቤቱታ የሚቀበል ሹም «እሺ» ቢል የመንግሥት ገንዘብ በየከተማው ይበተንበታል፤ «እምቢ» ቢል ሕዝብ ያዝንበታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መካከለኛው መንገድ ሲሆን፥ እርሱም ከሁለቱ የከፋ ነው፤ የመሠረት ደንጊያ ይቀመጣል፥ መምህር ግን አይገኝም።

ይህን ችግር በጽሑፍ ውል ለመፍታት ከሞከሩት መካከል ከአሜሪካ ክፍላተ አገር አንዷ የሆነችው ካሊፎርኒያ ትገኛለች። በ1960 ዓ.ም. ያወጣችው የከፍተኛ ትምህርት ዋና ፕላን እስከ ዛሬ በየአገሩ በትምህርት ሹማምንት ዘንድ ይጠቀሳል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የሚጠቅሱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የሕንፃውን ብዛትና የተማሪውን ቊጥር ነው። እኛ ግን ልንመረምር የፈለግነው ሌላውን ነገር ነው፤ ይኸውም የተዋዋሉት ወገኖች እያንዳንዳቸው ምን ለቀቁ፥ ምንስ አገኙ፥ ለውሉስ ዋስ የሆነው ማን ነበር የሚለው ነው። ነጋዴ የሆነው አንባቢያችን ያለ ዋስ የተጻፈ ውል ምን ያህል እንደሚያወጣ ከኛ ይልቅ ያውቃል።

ካሊፎርኒያ ወደዚህ ውል ከመግባቷ በፊት ሦስት ዓይነት የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ነበሯት። የመጀመሪያው በ1868 የተቋቋመው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ ከ1879 ጀምሮ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነጻነት ያለውና በራሱ ባለ አደራዎች የሚተዳደር ነበር። ሁለተኛዎቹ ከመምህራን ማሠልጠኛነት ተነሥተው በ1935 የመንግሥት ኮሌጅ የሚል ስም ያገኙት ናቸው። እነዚህ የሚተዳደሩት የሕፃናቱን ትምህርት ቤት በሚጠብቀው በዚያው የትምህርት ቦርድ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ለጐልማሳ የልጅ ጥብቆ እንደ ማልበስ ሆኖባቸው ነበር። ሦስተኛዎቹ በ1907 በወጣው ሕግ መነሻነት በየቀበሌው የተከፈቱት የሁለት ዓመት ጁኒየር ኮሌጆች ናቸው። የመጀመሪያው በ1910 ፍሬዝኖ በምትባለው ከተማ ሥራውን ጀመረ፤ መተዳደሪያቸውም በአብዛኛው ከየአካባቢው የሚሰበሰበው የርስት ግብር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር በመንግሥት ወጪ እንዲማር ተፈቀደለት፤ ከሌላውም የአሜሪካ ክፍል ወደ ካሊፎርኒያ የሚፈልሰው ሕዝብ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ። በ1958 በመደበኛው ትምህርት የሚማሩት 225,000 ያህል ሲሆኑ፥ በ1975 ከ660,000 እንደሚበልጡ ተገመተ። ይህም ግምት ጥንቈላ አልነበረም። በ1975 ኮሌጅ የሚገቡት ልጆች ያን ጊዜ ተወልደው ስለ ነበር፥ የሚያስፈልገው መቊጠር ብቻ ነበር። ለፕላን አውጪ ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም፤ የሃያ ዓመት ተማሪ ሃያ ዓመት ሙሉ እየተጠጋ ይመጣል እንጂ እንደ አንበጣ ድንገት አይወርድም።

ይሁን እንጂ ቊጥሩ ቢታወቅም ሥራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አልታወቀም ነበር። የመንግሥት ኮሌጆቹ እንደ ዩኒቨርሲቲው ምርምር ለማካሄድና የዶክተርነት ማዕርግ ለመስጠት ይሹ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይህን መብት ለማንም ለማካፈል ፈቃደኛ አልነበረም። የምክር ቤት አባሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየመረጣቸው ሕዝብ ኮሌጅ የሚያስገኝ የሕግ ረቂቅ ያቀርቡ ነበር። በ1957 ከተፈቀዱት ኮሌጆች አንዱ ተርሎክ በምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ እንዲሆን ተወስኖ፥ በ1960 ትምህርቱን የጀመረው በእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ ነበር። የከተማዪቱ ሰዎች በዶሮ መሰሉ በቱርክ ርባታ የታወቁ ስለ ነበሩ፥ ቀልደኞች «የቱርክ ኮሌጅ» የሚል ስም አወጡለት። በኛም አገር የዚህ ቀልድ ዘመዶች አይጠፉም።

በ1959 ዶሮቲ ዶናሆ የተባሉ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል፥ ሦስቱ ወገኖች ተስማምተው አንድ ዋና ፕላን እስኪያቀርቡ ድረስ ይህ ሩጫ እንዲገታ የሚያስችል ውሳኔ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ከዚያም አርተር ኩንስ የተባሉ የአንድ የግል ኮሌጅ ፕሬዚደንት የሚመሩት አጥኚ ቡድን ተቋቋመ። የዩኒቨርሲቲውን ወገን ዲን ማክሄንሪ፥ የመንግሥት ኮሌጆቹን ወገን ግሌን ዳምኪ ያዙ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚደንት ክላርክ ከር ቀድሞ የሠራተኛና የአሠሪ ጠብ አስታራቂ ነበሩ፤ በዚህም ጉዳይ የሠሩት ሥራ ከሊቅነት ይልቅ የሽምግልና ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥናቱ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አልቆ በ1960 ሚያዝያ ወር አገረ ገዢው ፓት ብራውን ሕጉን ፈረሙ። ዶናሆ በዚያው ወር፥ ፊርማውን ሳያዩ፥ አረፉ፤ ሕጉም በስማቸው ተጠራ።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ዩኒቨርሲቲው ከሁለተኛ ደረጃ ጨራሾች መካከል በውጤታቸው የላቁትን፥ ከስምንት አንድ እጅ፥ ማለት ከመቶ 12.5 ብቻ እንዲቀበል ተስማማ። ከዚያ በፊት የሚቀበለው ከመቶ 15 ያህል ነበር። በዚህ ፈንታ የዶክተርነት ማዕርግና የምርምር ሥራ የብቻው ሆነለት፤ በሳን ዲዬጎ፥ በአርቫይንና በሳንታ ክሩዝ አዳዲስ ቅርንጫፎች እንዲያቋቁምም ተረጋገጠለት። የመንግሥት ኮሌጆቹ ከጨራሾቹ ሢሶውን እንዲቀበሉ ተወሰነ፤ ዶክተርነትን ከዩኒቨርሲቲው ጋር በኅብረት ካልሆነ በቀር ለብቻቸው እንዳይሰጡ ተስማሙ፤ በምትኩም የራሳቸውን የባለ አደራዎች ቦርድ አገኙ። ጁኒየር ኮሌጆቹ ለመጣው ጨራሽ ሁሉ በራቸው ክፍት እንዲሆን ተደነገገ፤ መንግሥትም ለእነርሱ የሚሰጠውን ድጎማ ከወጪያቸው ከመቶ 30 ገደማ እስከ 1975 ወደ 45 ከፍ እንዲያደርግ ፕላኑ ጠየቀ። የምክር ቤት አባሎች በየአውራጃቸው ኮሌጅ የመጠየቅ ልማዳቸውን ገቱ። ግምጃ ቤቱ ደግሞ የአገሩ ተወላጅ የትምህርት ክፍያ የማይከፍል መሆኑን እንደ ገና አጸና። እነሆ ከተዋዋዮቹ መካከል አንዳች ሳይለቅ የወጣ ወገን የለም። ፕላኑ በተዋዋዮቹ ዘንድ የተከበረበት ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

በውሉ ውስጥ አንድ ሌላ አንቀጽ አለ፤ ከላይ ሲያዩት የሒሳብ ሹም ነገር ይመስላል። በዩኒቨርሲቲውና በመንግሥት ኮሌጆቹ ከሚማሩት መካከል የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ከመቶ 60፥ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከመቶ 40 እንዲሆኑ ተወሰነ። ምሥጢሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወንበር ሁሉ ቢሞላ፥ ሁለት ዓመት በጁኒየር ኮሌጅ ተምሮ የሚመጣው ልጅ የሚቀመጥበት ስፍራ አያገኝም። ስለዚህ ወንበሩ አስቀድሞ ተለቆ እንዲጠብቀው ተደረገ። ከአናጢ ወይም ከሱቅ ሠራተኛ የተወለደ ልጅ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ፥ በትንሽ ወጪ፥ ሁለት ዓመት ተምሮ ከዚያ ወደ በርክሊ መሻገር እንዲችል ድልድዩ በዚህ አንቀጽ ላይ ቆመ።

ስለ ፕላኑ የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያመሰግኑት የተከፈተውን በር ነው። በዚያው ቀን የጠበበ በር መኖሩን ግን ይዘነጉታል። ፕላኑ እስከ 1975 ድረስ 50,000 ያህል የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲውና ከመንግሥት ኮሌጆቹ ተመልሰው ወደ ጁኒየር ኮሌጅ እንዲሄዱ አስቦ ነበር። ይህም ለግምጃ ቤቱ ታላቅ ቁጠባ ነው፤ ምክንያቱም የጁኒየር ኮሌጅ ወንበር ርካሽ ነው። ሸክሙን እንዲሸከም የተደረገው ከሦስቱ ወንድማማቾች ድኻው ነበር ማለት ነው። ድልድዩ ጽኑ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ይህ ግፍ አይባልም፤ ድልድዩ ሲላላ ግን ስሙ ይለወጣል።

ዋሱ ማን ነበር? ፕላኑ ስለ በሮቹ በቊጥር ሲናገር፥ ስለ ገንዘቡ የተናገረው በተስፋ ነው። የካሊፎርኒያ ሀብት ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል፥ ግብር ከፋዩም ደስ ብሎት ይከፍላል የሚል እምነት ነበር። በ1966 ሮናልድ ሬገን በአገረ ገዢነት ተመረጡ፤ በ1967 መጀመሪያ ክላርክ ከር ከሥራቸው ተሰናበቱ። በ1970 በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ላይ በዓመት 150 ዶላር «የትምህርት መዋጮ» ተጣለ። ክፍያ የሚለው ቃል በፕላኑ የተከለከለ ስለ ነበረ፥ መዋጮ ተባለ። በ1978 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሕዝብ ሐሳብ ቊጥር 13 በሚባለው ድምፁን ሰጥቶ የርስት ግብር ከንብረቱ ግምት ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። የጁኒየር ኮሌጆቹ ቀለብ ይኸው ግብር ስለ ነበረ፥ ቦርሳቸው ከቀበሌው እጅ ወጥቶ ወደ መካከለኛው መንግሥት ገባ። በቀበሌው ሕዝብ የሚመረጠው ቦርድ ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ የገንዘብ ሥልጣን የሌለው ባለ ሥልጣን ሆነ። በ1984 እነዚህም ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ። በ2011 የዩኒቨርሲቲው የዓመት ክፍያ 12,192 ዶላር ደረሰ። ለድኻው ልጅ መንግሥት በርዳታ ይሸፍንለታል፤ ክፍያው የሚከብደው ድኻ ተብሎ ለመረዳትም ሀብታም ሆኖ ለመክፈልም ባልበቃው ቤተ ሰብ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ለአስተዳዳሪዎች የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። ውሉን የሚጠብቅ ጉባኤ በ1960 ተቋቁሞ ነበር፤ ምክር ከመስጠት በቀር ማዘዝ አይችልም ነበር። በ1974 በሌላ ኮሚሽን ተተካ። ያም ኮሚሽን ቊጥር ይሰበስብ፥ አዲስ ኮሌጅ ያስፈልጋል አያስፈልግም ብሎ አስተያየት ይሰጥ ነበር። በ2011 ባጀት በጠበበ ጊዜ አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን ገንዘቡን ስለ ሰረዙበት ተዘጋ። ጄሪ ብራውን ፕላኑን የፈረሙት የፓት ብራውን ልጅ ናቸው። አባት የተከለውን አጥር ልጅ ነቀለው ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ኮሚሽኑ አስቀድሞ እንደ ተዳከመ የሚናገሩ ነበሩ። ነገር ግን ሁሉንም አስተባብሮ የሚቈጥር መሥሪያ ቤት በሌለበት፥ ሦስቱ ወገኖች በየፊናቸው ወደ ምክር ቤቱ መሮጥ መልሰው ለመዱ። ኮሌጆቹ (የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም አግኝተው) በ2005 በትምህርት አስተዳደር የዶክተርነት ማዕርግ ለመስጠት ተፈቀደላቸው። የሁለት ዓመቶቹ ኮሌጆች ደግሞ በ2014 ለሙከራ፥ በ2021 ለዘለቄታው፥ በተወሰኑ ትምህርቶች የአራት ዓመት ዲግሪ ለመስጠት መብት አገኙ።

ድልድዩስ? የካሊፎርኒያ ዋና ኦዲተር በ2024 ባወጣው ምርመራ፥ ከ2017 እስከ 2019 በሁለት ዓመት ኮሌጅ ከጀመሩና ለመሻገር ካሰቡ ተማሪዎች መካከል በአራት ዓመት ውስጥ የተሻገረው ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው የትምህርት ዓይነት የተለያየ ስለ ሆነ፥ ተማሪው በአንድ ስፍራ የተማረው በሌላው ስፍራ ሳይቈጠርለት መቅረቱ ነው። ወንበሩ ተጠብቆለት ነበር፤ የደረሰኙ ዋጋ ግን ከሱቅ ወደ ሱቅ ተለዋወጠበት። ይህን ለማቃናት በ2010 ሕግ ወጥቶ ጥቂት ረዳ፤ የአምስት አንዱ ቊጥር ከዚያ ሕግ በኋላ የተቈጠረ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ወደ አፍሪቃ ቀንድ እንመለስ። የካሊፎርኒያ ሕግ በተፈረመ በዓመቱ፥ በ1961 ግንቦት ወር፥ የአፍሪቃ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው እስከ 1980 የሚደርስ የትምህርት ፕላን አወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ1950 የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ሌሎቹ ኮሌጆች በአንድነት ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የአዲስ አበባው ጉባኤ በቊጥር የተሞላ ነበር፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በ1980 ለልጆች ሁሉ እንዲዳረስ ቈረጠ። ማን ምን ይለቃል የሚለው ጥያቄ ግን በጉባኤው ላይ የሚነሣ አልነበረም፤ የሚካፈሉት ገና ያልተገኘ ነበርና። የተባለውም ዘመን ሲደርስ ትምህርቱ ለሁሉ አልተዳረሰም።

በኢትዮጵያ ታላቁ መስፋፋት የመጣው ከ2000 በኋላ ነው። ሁለት የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሃያ ዓመት ውስጥ ከ40 በለጡ። ይህ በእውነቱ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ከተማ አይተው የማያውቁ ልጆች ዲግሪ ይዘው የወጡበት ዘመን ነው። ሆኖም መጀመሪያ የጠቀስነው የአውራጃዎች አቤቱታ በዚህ ዘመን የተመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በ«እሺ» ነበር። የተከፈቱት ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፥ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ እንዲሠሩ ታዘዙ፥ ከ2008 ጀምሮም ከተማሪዎቻቸው ከመቶ 70 የሳይንስና የቴክኖሎጂ እንዲሆኑ ተደነገገ። ሥራውን መከፋፈል የታሰበው ኋላ፥ በ2020 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ስምንቱ የምርምር፥ ሌሎቹ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲዎች ተብለው ተመደቡ። ካሊፎርኒያ ከመስፋፋቷ በፊት የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ ከተስፋፋች በኋላ ተከፋፈለች። ልዩነቱ የቅደም ተከተል ብቻ አይደለም። አስቀድሞ የሚከፋፈል ወገን ገና ያልያዘውን ይለቃል፤ ኋላ የሚከፋፈል ግን በእጁ የያዘውን እንዲለቅ ይጠየቃል፥ ይህም ከልመና ይልቅ ትእዛዝን ይጠይቃል።

የአሥመራ ነገር ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። በ1958 የካቶሊክ ደናግል የመሠረቱት ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ ሳለ፥ በ1990 መምህራኑና ዕቃው ተጭነው ወደ ባሌ፥ ወደ አጋርፋ ተወሰዱ። በ1991 እንደ ገና በአሥመራ ተቋቋመ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አዲስ ተማሪ መቀበሉ ቀርቶ ሥራው ለየኮሌጁ ተከፋፈለ፤ ምሕንድስናው በማይ ነፍሒ፥ እርሻው በሓመልማሎ፥ ንግዱ በሓልሓለ፥ የባሕር ሳይንሱ በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ ሆነ። ይህም ክፍፍል ነው፤ ነገር ግን በትምህርቱ ዓይነት የተደረገ ክፍፍል ነው እንጂ፥ እንደ ካሊፎርኒያው በትምህርቱ ጥልቀትና በተማሪው በር የተደረገ አይደለም። በዓይነት የተከፋፈለ ትምህርት ቤት ለአስተዳዳሪ ይቀላል። የሒሳብ መዝገብ ሊማር ገብቶ በመካከል ለምሕንድስና የተገባ መሆኑን ላወቀ ልጅ ግን መንገዱ ይረዝምበታል።

ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «ለኛ ምናችን ነው» ይሉ ይሆናል። ለወደብ ሥራ፥ ለመጋዘን፥ ለባንክና ለጉምሩክ የሚያስፈልገው ሠራተኛ በአብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው አይደለም። የሁለት ዓመት ሒሳብ፥ የንግድ ደብዳቤና የማሽን ጥገና የተማረ ነው። በካሊፎርኒያ ይህን ሠራተኛ የሚያወጣው ጁኒየር ኮሌጁ ነው፤ በቀንም በማታም ያስተምራል፥ ሱቁን የማይለቅ ሰው ከሥራው ሳይለይ ይማርበታል። የየቀበሌው ግብር ከፋይ ለዚህ ኮሌጅ ገንዘብ ሲያዋጣ የኖረው ከጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ጸሓፊውንና መካኒኩን ከዚያ ስለሚያገኝ ነው። እኛ ዘንድ ግን የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ቤት በወላጅም በሹምም ዓይን የወደቀ ልጅ የሚላክበት ስፍራ ሆኖ ይታያል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር ወንበር ተለቆ የማይጠብቀው ትምህርት ቤት ይህን ስም ለመፋቅ ይቸግረዋል።

ነገሩ በቊጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በ2022 በኢትዮጵያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ ተሰጠ፤ ይህም ሌብነትን ለመከልከል ነበር። ከተፈተኑት 896,520 ልጆች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። በማግሥቱም ዓመት ውጤቱ ከዚህ አልተሻለም። የትምህርት ሚኒስቴር ከቀሩት መካከል ውጤታቸው የተሻለውን የማካካሻ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው እንዲማሩ አደረገ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም የሁለተኛ ደረጃን ሥራ በአራት ዓመት ትምህርት ቤት ዋጋ ይሠሩ ጀመር። ከ40 የሚበልጡ ዩኒቨርሲቲዎች ቆመው ሳለ 866,611 ልጆች ማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ። የማካካሻው ወንበር የሚበቃው ለጥቂቶቹ ነው። ለቀሩት የሚከፈተው በር በየትኛው ቀበሌ እንደሚሠራ፥ ወጪውን ከግምጃ ቤትና ከአካባቢው ግብር ማን ስንት እጅ እንደሚሸከም፥ በዚያም ሁለት ዓመት የተማሩት ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እንደሚቈጠርላቸው በሚቀጥለው ፕላን ውስጥ በቊጥር ተጽፎ ማየት እንፈልጋለን።